የቀንበር ወንበር

በአርባ ስምንት ዓመተ ምሕረት ሃያ አንድ ዓመቴ ነበር። ያለፉኝን ዓመታት ሁሉ በቅጡ አላስታውስም፤ ይህችን የማልረሳት የታሰርኩባት ዓመት ስለሆነች ነው። ወህኒ አልወረድኩም፣ እግሬንም ሰንሰለት አልነካውም። በቃል ነው የታሰርኩት። ያሳሰሩኝም አባቴ ናቸው። ጽሕፈት እንደሆነ የኔታ ዘንድ ዳዊት እስከ ግማሽ ደግሜ ነው የወጣሁት፤ እጄ ያደገው እርፍ ላይ እንጂ ብዕር ላይ አይደለም። ፊደሉ ከተንጋደደ የሚያነበው ሰው አንገቱን ጋደድ አድርጎ ያንብበው።

ነገሩን የቀሰቀሰብኝ ሽታ ነው። ባለፈው ለዓይኔ መድኃኒት መካነ ኢየሱስ ከተማ ሄጄ፣ ከአውቶቡስ መናኸሪያው ፊት ለፊት ካለች ጭማቂ ቤት ጥላ ፍለጋ ገባሁ። መቀመጫው ሁሉ ከአሮጌ ሳንቃ የተገጣጠመ ነው። ባለቤቱ፣ ጢሙን ያሳመረ ጎልማሳ፣ ደጃፉ ላይ ሌላ ሳንቃ በመጋዝ ይቆርጣል። "ይህ ምንድን ነው?" አልኩት። "ፓሌት ይባላል አባባ። ዕቃ ተጭኖበት የሚመጣ እንጨት ነው። ሰው ሲጥለው እኛ ወንበር እናደርገዋለን። ከስልክ ላይ አይተን ነው፤ አዲስ ነገር ነው።" "አዲስ ነው?" "አዎ አባባ፣ ገና አሁን መግባቱ ነው።" ሳንቃው ላይ ናፍጣ ፈሶበት ኖሮ ብናኙ ሲነሳ ላምባ ላምባ ሸተተኝ። ከዚያ በኋላ ልጁ ምን እንዳለኝ አልሰማሁትም። አግዳሚው ላይ እንደተቀመጥኩ በሐሳብ ወደ አባቴ ደጅ ሄድኩ።

ያን ጊዜ መካነ ኢየሱስ ቆርቆሮ ክዳን ያለው ቤት በጣት የሚቆጠርባት ነበረች። ላምባ የሚመጣው ከደብረ ታቦር በኩል በበቅሎ ነው፤ ሁለት ሁለት ቆርቆሮ ላምባ በአንድ የእንጨት ሳጥን ታሽጎ። ነጋዴዎቹ ላምባውን በጠርሙስ እየቀዱ ይሸጡና ሳጥኑን ለማገዶ ይሰብሩታል። ቀጭን ነጭ ሳንቃ ነው፣ ጎኑ ላይ ከመካከላችን ማንም የማያነበው ጽሑፍ የታተመበት። ለእኔ ያ ሳንቃ ሲነድ ማየት እህል ሲነድ እንደማየት ሆነብኝ። በገበያ ቀን ገብሴን ሸጬ ስጨርስ ሳጥኑን እለምናለሁ። ሚስማሩን አንድ በአንድ ነቅዬ፣ የጎበጠውን ድንጋይ ላይ አቃንቼ፣ በርጩማ እሠራለሁ፣ የዕቃ መደርደሪያ እሠራለሁ፣ ለአራስ አልጋ እሠራለሁ። የጭቃ መደብ ላይ ቁርበት አንጥፎ የሚተኛ ድሃ እንደሆነ አልጋ ያምረዋል፤ ግን ከደብረ ታቦር የዝግባ አልጋ ለማስመጣት ጊደር መሸጥ አለበት። የኔ በርጩማ ስሙኒ ነበር። ስሙኒ ያጣ አንድ ዶሮ ያመጣል። ዶሮ ያጣችም ነበረች፣ መርቃኝ ትሄዳለች።

የመጀመሪያዋ ደንበኛዬ እትዬ አሰገደች ናቸው። ጠጅ ቤት ነበራቸው፣ ከገበያው ጥግ፣ ግራር ካለበት ዘወር ብሎ። ነጭ አቡጀዲ ቀሚስ ለብሰው፣ ወገባቸውን በሰፊ መቀነት ጠፍረው፣ ከደጃፋቸው ላይ ሆነው መንገደኛውን ሁሉ በስሙ ይጠራሉ። ለእርሳቸው የሠራኋቸው አግዳሚዎች መጀመሪያ ላይ ጉድ አመጡ። ሳንቃውን በአመድ ባሸውም ሽታው አልለቅ ብሎ፣ ተፈሪ ሱሪ ለብሶ የመጣ የወረዳ ጸሐፊ ሁሉ ወደ ቤቱ ላምባ ላምባ እየሸተተ ይመለሳል። አንድ ቀን አዝማሪው መሰንቆውን ይዞ ተነሣና እንዲህ አለብኝ፤

"አግዳሚው ይሸታል፣ ላምባ ይመስለኛል፣
ክብሪት ሳይጫር በፊት ቤቴ ይሻለኛል።"

ቤቱ በሳቅ ፈረሰ። እኔ ከበሩ ሥር ቆሜ ፊቴ በርበሬ መሰለ። እትዬ አሰገደች ግን ብርሌውን አስቀምጠው፣ "ያልወደደ ቆሞ ይጠጣ! አንተ የላምባ አናጢ፣ ሌላ ስድስት ጨምርልኝ" አሉ። ቆየት ብለውም ወደ ጓሮ ወስደው ጌሾ የሚያስቀምጡባትን ክፍል አሳዩኝ። "ይህችን አስለቅቅልሃለሁ። እዚሁ እየሠራህ እዚሁ እደር። የሁለት ሰዓት መንገድ ሳንቃ ተሸክመህ ምን ያመላልስሃል?" ክፍሏ መስኮት ነበራት። መስኮቷ ሥር የመጥረቢያ ግንዴን የት እንደምተክለው ያኔውኑ በዓይኔ ለካሁ። በሕይወቴ እንደዚያ የፈለግሁት ነገር የለም፤ ሚስቴን ስፈልግ እንኳ እንደዚያ አልሆንኩም፣ እርሷም ታውቀዋለች።

አሁን ስለ አባቴ ልናገር። አባቴ ተገኘ ይባላሉ። ርስታቸው ከከተማው ከሚለየን ወንዝ ወዲህ ነው፣ ገብስና ባቄላ የሚበቅልበት። ታላቅ ወንድሜን ወባ ወስዶት የቀረሁት እኔ ነኝ። አባቴ እንጨት መጥረብን አይጠሉም፤ ሞፈራቸውን ራሳቸው ይጠርባሉ። የሚጠሉት ለሰው መጥረብን ነው። የገበሬ ልጅ ለሌላ ሰው መቀመጫ ጠርቦ ዋጋ ሲቀበል ያፍራሉ። ከዚያ በላይ ደግሞ አንድ ነገር ነበራቸው፣ ሰበካው ሁሉ የያዘው ነገር፤ ያረሰ እንጨት አይቀመጡበትም። ቀንበር ላይ የተቀመጠ ሰው በሬው ይሞትበታል ይባላል። ስለዚህ የተሰበረ ቀንበር፣ የነተበ ሞፈር፣ ያረጀ ድግር ከቤታችን ጀርባ ተደግፎ እስኪበሰብስ ይቆማል። አይነድም፣ አይሸጥም። የአያቴ ቀንበሮች ሳይቀሩ እዚያ ነበሩ፣ ዝናብና ፀሐይ ጠጥተው እንደ ቀንድ የጠነከሩ። እኔ በአጠገባቸው ባለፍኩ ቁጥር እግር ይታየኛል፣ መደገፊያ ይታየኛል።

ወደ ከተማ ልገባ ነው የሚለው ወሬ ከእኔ በፊት ቤት ደረሰ። በጥቅምት ወር አንድ እሑድ ከቅዳሴ መልስ አባቴ የነፍስ አባታችንን ቄስ ገበየሁን ይዘው መጡ። ቄስ ገበየሁ ሽማግሌ ናቸው፣ ቀጭን፣ ለነገር የማይቸኩሉ። እናቴ ጠላ ቀዳች፤ አባቴ ግን ጽዋውን ሳይነኩ ተነሥተው ቆሙ።

"አባ፣ ይህን ልጅ ይገዝቱልኝ።"

"ምን ብዬ?"

"ወንዙን እንዳይሻገር።"

"ለሥራ ነው ለገበያ?"

"ለምንም።"

"ለለቅሶስ? ለንግሥስ?"

"ለምንም አልኩ።"

"ተው ተገኘ፣ እንዲህ የሰፋ ግዝት ለልጅ ይከብዳል።"

"ካጠበቡት ሾልኮ ይወጣል። የኔው ልጅ ነው፣ አውቀዋለሁ። እርሱ ከሄደ እኔ ስወድቅ ርስቴን የአጎቶቹ ልጆች እንደ በግ ሥጋ ይካፈሉታል።"

ቄስ ገበየሁ ወደ እኔ ዞሩ። "ዓለሙ፣ የምትለው አለህ?" የምለው ብዙ ነበረኝ። አባት ቆሞ ልጅ ግን አይናገርም። ያን ጊዜ እንደዚያ ነው። አንገቴን ደፋሁ፣ እርሳቸውም መስቀሉን አነሡ፤ በጴጥሮስ በጳውሎስ ሥልጣን ከወንዙ ወዲያ እግሬ እንዳይረግጥ ገዘቱኝ። ከዚያ ወደ አባቴ ጣታቸውን ቀሰሩ። "ስማ። ያሰርኩት በአንተ ቃል ነው። የምፈታውም አንተው ፊቴ መጥተህ በአንደበትህ ፍቱልኝ ስትለኝ ነው። መልእክተኛ አልቀበልም፣ ሽማግሌም አልቀበልም።" አባቴ፣ "አልመጣም" አሉ። ከዚያ ተቀምጠው ጠላቸውን ጠጡ።

ዛሬ ይህን ለልጅ ልጆቼ ስነግራቸው፣ "ታዲያ ብትሻገረው ኖሮ ማን ያይሃል?" ይሉኛል። ምን ብዬ ላስረዳቸው። ግዝት የጣሰ ሰው አይቆርብም፣ ጎረቤት አብሮት አይቆርስም፣ ሲሞትም ፍትሐት የለውም፤ አጥር ሥር ይቀበራል። እኔ ልቤ እልኸኛ ነው፣ ግን አጥር ሥር መቀበር ፈራሁ። ወንዙ ደግሞ ወንዝ ሆኖ አይደለም። በበጋ ድንጋይ ለድንጋይ እየረገጠ ሴት እንስራ ተሸክማ የምታልፈው ነው። ይኸው ነበር የሚያቃጥለኝ። ገደል ቢሆን፣ ዘበኛ ቢቆምበት፣ ሰው ያዝንልኝ ነበር። በገበያ ቀን እሄድና መሻገሪያው ላይ እቆማለሁ። የማውቀው ሁሉ አህያውን እየነዳ ያልፋል። ጎረቤታችን ደሴ፣ ነገር የማያልፈው ሰው፣ ሱሪውን ጠቅልሎ ውኃው ውስጥ እየገባ፣ "ዓለሙ፣ ላምባ ላምጣልህ? ታሸተው እንደሆን" ይለኛል። ጉብታው ላይ ስወጣ ደግሞ ከወዲያ ማዶ የከተማዋ ቆርቆሮ ፀሐይ መትቶት ያብለጨልጫል። አንዱ የእትዬ አሰገደች ይሆናል እላለሁ። የእርሳቸው ግን ሣር ክዳን ነበር፤ አውቀዋለሁ፣ ግን እላለሁ። ያልጨረስኳቸው አግዳሚዎች እግር ሳይገባላቸው እዚያ ግድግዳ ተደግፈው ቀሩ።

እንዲህ ሆኖ ሁለት ክረምት አለፈ። አረስኩ፣ አጨድኩ፣ ወቃሁ። ከአባቴ ጋር የምናወራው ስለ በሬ ብቻ ሆነ። በሁለተኛው ክረምት ቁርጥማት አባቴን ዳሌያቸው ላይ ያዛቸው። በበጋው እየባሰ ሄዶ፣ ቆመው መራመድ ተሳናቸው፤ በቅሎ ላይ ብናወጣቸው እግራቸው አልከፈት ብሎ፣ አባቴ የሚያህሉ ሰው ጮኹ። ከዚያ ወዲያ ስለ በቅሎ የሚያነሳ የለም። እርሻው ሙሉ በሙሉ እኔ ላይ ወደቀ።

በዚያው ዓመት በግንቦት መጨረሻ ደሴ ከገበያ ተመልሶ ደጃፋችን ላይ ቆመ። ለወትሮው የሚቀልደው ሰው አልቀለደም። ቄስ ገበየሁ ወንዙን ተሻግረው ከተማ ሴት ልጃቸው ቤት እንደሄዱ፣ እዚያ እንደ ታመሙ፣ እህል እንደማይወስዱ ነገረን። "የሚተርፉ አይመስለኝም" አለ።

ያን ሰዓት የተሰማኝን ዛሬም አውቀዋለሁ። የሚፈቱኝ ሰው ከወንዙ ወዲያ ናቸው፤ እኔ ወንዙን አልሻገርም። ሊያስፈቱኝ የሚችሉት አባቴ ከወንዙ ወዲህ ናቸው፤ እርሳቸው መራመድ አይችሉም። ሰኔ ደርሷል፣ ወንዙ ከሞላ እስከ መስከረም ማንም አያልፍም። ቄስ ገበየሁ እንዳሰሩኝ ከሞቱ ደግሞ ሰበካው እንደ ታሰርኩ ይቆጥረኛል፣ ዕድሜዬን ሙሉ። እናቴ እጇን አፏ ላይ ጫነች። አባቴ መደባቸው ላይ ግድግዳ ተደግፈው ጣሪያውን ያያሉ።

"በቃሬዛ እንውሰድዎት" አልኳቸው።

"ሬሳ ነኝ? ተንጋልዬ ወንዝ አልሻገርም።"

"ተቀምጠው እንውሰድዎታ።"

"በምን?"

መልስ ሳልሰጥ ወደ ጓሮ ሄድኩ። ቢፈለግ ሌላ እንጨት አይጠፋም ነበር፤ እርጥብ ቢሆንም ባሕር ዛፍ ነበረን። እርጥብ እንጨት መንገድ ላይ ይለምጣል ብዬ ለደሴ ነገርኩት፣ ውሸትም አይደለም። እውነተኛው ነገር ግን ሌላ ነው። ሁለት ክረምት ስጠመድ ኖሬ እልህ ይዞኛል፤ አባቴ ከሄዱ በዚያ ባረሰ እንጨት ላይ ተቀምጠው እንዲሄዱ ፈለግሁ። ሁለት አሮጌ ሞፈር መረጥኩ፣ ረዣዥም፣ ለአራት ሰው ትከሻ የሚበቁ። የአያቴን ሁለት ቀንበሮች በመካከላቸው አጋደምኩ። ቀንበሩ ላይ የበሬ አንገት የሚታነቅበት ቀዳዳ አስቀድሞ አለ፤ እርሱን በመሮ አስፍቼ ካስማ መታሁበት፣ መሰርሰሪያ እንኳ አላስፈለገኝም። ከድግሩ እግር አወጣሁለት። መቀመጫውን በጠፍር ወጠርኩ። ለመደገፊያው ጣራው ሥር የሸሸግኋት የመጨረሻዋ የላምባ ሳንቃ ነበረችኝ፤ ያች ጽሑፍ ያለባት። ስጠርባት ሽታው ወጣ። እናቴ በሩ ላይ ሆና፣ "ደግሞ ጀመረው" አለች፤ ፈገግ ስትል ግን አየኋት።

አምጥቼ አባቴ ፊት አቆምኩት። አዩት። እንጨቱን አንድ በአንድ ነው ያወቁት።

"ይህ የአባቴ ቀንበር ነው።"

"አዎ።"

"አልቀመጥበትም። በሬዬ ይሞታል።"

"በሬው ከሞተ እኔን ይጥመዱኝ። ልምዱ አለኝ።"

ዱላቸውን አነሡ፤ ክንዳቸው ግን አልታዘዝ አላቸው። ማታ እናቴ ምሳውን እራት አድርጋ እያቀረበች፣ እኔን የማታይ መስላ እንዲህ አለቻቸው፤ "አንተ ሰውዬ፣ ለበሬ ታዝናለህ። መልካም ነው። ቄሱ የሞቱ ዕለት ይህ ልጅ ምን እንደሚሆን አስበሃል? ወንድሙን ቀብሬያለሁ፤ እርሱን አጥር ሥር አልቀብርም። ቀድሜው ሞቼ እንደሆነም አንተ ትቀብረዋለህ።" አባቴ የያዙትን ጉርሻ ወደ ገበታው መለሱት። ፊታቸውን ወደ ግድግዳው አዞሩ።

ሲነጋ ወደ ውጭ ስወጣ ተቀምጠውበት አገኘኋቸው። ግድግዳ ግድግዳውን ይዘው፣ መሬት ለመሬት ተንፏቅቀው ይሁን እናቴ ደግፋቸው፣ እስከ ሞቱ ድረስ አልነገሩኝም። ኩታቸውን አደግድገው፣ ዱላቸውን ጭናቸው ላይ አጋድመው፣ ቀጥ ብለው ተቀምጠዋል። "ምን ታፈጥብኛለህ? በዚህ አገር ተሸካሚ ጠፋ?" አሉኝ።

ደሴ ሦስት ጎረምሳ ይዞ መጣ። እስከ መሻገሪያው አንዱን ትከሻ እኔ ያዝኩ። ውኃው ጠርዝ ላይ ደሴ ተራውን ሲጠብቅ የነበረውን ጎረምሳ ጠርቶ በእኔ ቦታ አስገባ፤ እኔ ከትከሻዬ አውርጄ ቆምኩ። ሰማዩ ጠቁሯል፣ ከላይ ደጋው ላይ ዘንቦ ኖሮ ውኃው ደፍርሶ ጉልበት አልፏል። አባቴ ከፍ ብለው፣ ጀርባቸውን ያችን የላምባ ሳንቃ ተደግፈው፣ አንድም ጊዜ ወደ ኋላ ሳያዩ ተሻገሩ። የእንጨቱ ድምፅ ይሰማኛል፤ በየእርምጃው ሲጥ ይላል። የሠራሁት ነገር ሁሉ ከተማ ሲገባ እኔ እዚህ መቅረቴ ነው እያልኩ፣ ድንጋይ ላይ ተቀምጬ ዋልኩ። ውኃው አንዱን መርገጫ ድንጋይ ሲውጥ አየሁ። ከዚያ ሌላውን።

ፀሐይ ሊጠልቅ ሲል መጡ። ውኃው ውስጥ ሲገቡ ደሴ ወገቡ ድረስ ረጠበ፤ "ዓለሙ! የሠራኸው ነገር እንደሆነ ብረት ነው፤ የተሰበረው የእኛ ትከሻ ነው!" እያለ ይጮሃል። ሮጬ አንዱን ጫፍ ያዝኩ። አስቀመጥናቸው። የአባቴ እግር እስከ ጉልበቱ ረጥቧል፤ እኔ ላብሰው ብል እጄን መቱኝ።

"በሕይወት ደረሱባቸው?" አልኩ።

"ደረስን።"

"ምን አሉ?"

"መጀመሪያ በምን መጣህ አሉኝ። በቀንበር አልኳቸው። ሳቁ። ሳል አፍኗቸው ልጃቸው ውኃ እስክታመጣ ሳቁ።" አባቴ ወንዙን ያያሉ። "ከዚያ ፍቱልኝ አልኳቸው። ፈቱህ። ከእንግዲህ መሄዱም መቅረቱም ያንተ ነው፤ እኔ የለሁበትም።"

ደሴ ጋቢውን እየጨመቀ፣ "አሰገደችም መልእክት አላት" አለ። "ክፍሏ እስካሁን ባዶ ናት፤ ወንዙ ሳይሞላ ከመጣህ ያንተ ናት፣ ካልመጣህ ለልብስ ሰፊ እሰጣታለሁ ብላለች።"

ቄስ ገበየሁ ሳምንትም አልቆዩ፣ ዐረፉ። በሬው ግን አልሞተም፤ ሸምግሎ ነው የታረደው። አባቴ ቀንበር ላይ ተቀምጠው ከተማ ገብተው በሰላም መመለሳቸውን ሰበካው ሁሉ አይቷል፤ ከዚያ ወዲህ ከየጓሮው የተሰበረ ቀንበርና የነተበ ሞፈር ወደ እኔ መምጣት ጀመረ፣ መጀመሪያ በስርቆሽ፣ ኋላ በግልጥ። ዛሬ በእኛ በኩል ያረሰ እንጨት ላይ ያልተቀመጠ ሽማግሌ ብትፈልጉ አታገኙም። አባቴም መሸከሚያውን አስቆርጠው ያንን ወንበር ደጃፋቸው ላይ አኖሩት፤ እስከ ዕለተ ሞታቸው ሌላ ነገር ላይ አልተቀመጡም፣ ጥሩ ነው ብለውም አያውቁም። የጭማቂ ቤቱ ልጅ አዲስ ነገር ሲለኝ ይህን ሁሉ ልነግረው አሰብኩና ተውኩት። ጭማቂውን ጠጥቼ፣ የአግዳሚው እግር እንደሚነቃነቅ ብቻ ነግሬው ወጣሁ።

ግዝቴ የተፈታ ዕለት ማታ መሣሪያዬን ጠቀለልኩ፤ መጥረቢያዬን፣ መሮዬን፣ መጋዜን። በማግሥቱ ጠዋት ጥቅልሉን ይዤ ወደ ወንዙ ወረድኩ። ውኃው ወገቤ ደረሰ። ተሻገርኩ። ከወዲያ ዳር ቆሜ እግሬ እስኪደርቅ ጠበቅሁ፤ ማንም ምንም አላለኝም። ዞር ስል ጉብታው ላይ የእኛ ቤት ጢስ ይታየኛል፣ ከጢሱ በታች ያልተዘራው የገብስ ማሳ፣ ደጃፉ ላይ ደግሞ ወንበሩ ላይ ቀጥ ያሉ አንድ ሰው። ከእግሬ ሥር የዳሩ ድንጋዮች አንድ በአንድ ሲጠፉ አየሁ። ጥቅልሉን ራሴ ላይ አድርጌ ተመልሼ ገባሁበት፤ በሬዎቹንም ጠመድኩ።